የድንኳኑ ገመድ እና የወንዙ አንቴና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው አዲስ ሥራ ሰጥቶኛል፤ ዋይፋይ ማስተካከል። ዳቦ ልገዛ ከቤት በወጣሁ ቁጥር አንዱ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ኢንተርኔቱ መኝታ ቤት አይደርስም ይለኛል። ገብቼ ሳይ መሣሪያውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከብረት ቁም ሳጥን ሥር ወሽቀውታል። አወጣና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጥላቸዋለሁ። ይመርቁኛል፤ እንደ አዋቂ ያዩኛል። እውነቱን ለመናገር ዕድሜ ልኬን የሠራሁትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተወሸቀውን አውጥቶ ከፍ ማድረግ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ከፍ የማደርገው የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ነበር።

ሥራዬ ለከተማ ገመድ አልባ መረብ መንደፍ ነበር። የመንገድ አምፖል ሲቃጠል፣ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ሰው እስኪደውል ሳይጠበቅ ዕቃው ራሱ በሬዲዮ ሞገድ ለመቆጣጠሪያ ክፍል እንዲናገር ማድረግ። ወጣቶቹ ስማርት ሲቲ ይሉታል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅሽ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቋት «ከፖል ጋር ታወራለች» ትል ነበር። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በየስብሰባው ፈልጌ አላገኘሁም።

የተቀጠርኩት በስልክ ሥራ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ጎጃም ውስጥ፣ ተራራ አናት ላይ ያለ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያ ሆነ። ንፋሱ በር አያስከፍትም። አለቃችን ቀለም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ማማው ቢዘም አይደነግጡም፣ የአጥሩ ቀለም ሲላጥ ግን እንቅልፍ ያጣሉ። ጎብኚ ይመጣል በተባለ ቁጥር ሙያችንን ትተን አጥር እንቀባለን። ደመወዛችን ከወር ወር እንደምንም ያደርሰን ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ከዚያ ተራራ ይዤ የወረድኩት ትልቁ ነገር ጋሽ ዘርጋውን ማወቄ ነው።

ጋሽ ዘርጋው የኮልፌ ልጅ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ጉራጊኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገሩ ያደጉ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው። ሥራ ሲጀምሩ ጃኬታቸውን ያወልቁና በሥርዓት አጣጥፈው ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ። ጃኬቱን ሳያወልቅ የሚሠራ ሰው ቶሎ ሊሄድ ያሰበ ነው ይሉ ነበር። ከጃኬቱ ኪስ ደግሞ ትንሽ የመላጫ መስታወት ትወጣለች። የእኛ ሥራ ዋናው ጭንቀት አንዱ አንቴና ሌላውን ያያል ወይስ አያይም የሚለው ነው፤ መካከል ላይ ዛፍ ወይም ቤት ከገባ ሞገዱ ይደክማል። ጋሽ ዘርጋው ማዶ ኮረብታ ላይ ሆነው በመስታወቷ የፀሐይ ብርሃን ወደ እኔ ይመልሳሉ። ብልጭ ካለችልኝ መስመሩ ንጹሕ ነው። ካላለችልኝ ኮምፒዩተሩ የፈለገውን ቢል ቦታው ይቀየራል።

ቋጠሮም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማማ ላይ ዕቃ ስንሰቅል ገመዱን ሁለቴ አዙረው፣ ጫፉን በራሱ ሥር አሳልፈው፣ መጨረሻ ላይ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። በተጎተተ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር እንደዚያ የሚያስር ሰው አላጋጠመኝም።

ዓመታት አለፉ፤ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ስልኩም ከጠረጴዛ ወርዶ ኪስ ገባ። የማውቀው ዕቃ ሁሉ መጋዘን ሲገባ እኔም አብሬ እንዳልገባ ብዬ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደገና ተማርኩ። ከዚያ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በሙከራ የሚጀመር የገመድ አልባ መረብ ሥራ ተሰጠን። አለቃችን ምንተስኖት ይባላል። በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ቀለማቸው ያሸበረቀ ካርታዎች የሚወድ፣ ግን ልቡ ጥሩ የሆነ ልጅ ነው። ጋሽ ዘርጋው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር። ለምንተስኖት፣ እሳቸው በኮንትራት ካልመጡ እኔም አልመጣም አልኩት። መጡ፤ ጃኬታቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ።

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና በእግራችን ያልረገጥነው ቅያስ የለም። ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ቦታ ሄደን ስናየው ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። ቆርቆሮ ጣሪያ የበዛበት ሰፈር ሞገዱን እያነጠረ ይመልሰዋል። ግንባታ ካለ ደግሞ ጋሽ ዘርጋው ባለቤቱን ፈልገው ስንት ፎቅ እንደሚያወጣ ይጠይቃሉ፤ አራት ካላቸው ወደ እኔ ዞረው ስድስት ብለሽ ያዢ ይሉኛል። ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል። ፎቁ ግን ስድስት ሆኖ ይወጣል።

የሥራው ልብ አንድ ድልድይ ነበር። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የጭቃ ቤቶች አሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ከላይኛው ሰፈር የዘነበውን ሁሉ ይዞ ይወርድባቸዋል። እዚህ ፀሐይ እያለ ውሃው ይደርሳል፤ ክፋቱ ይሄ ነው። ከድልድዩ ሥር የውሃ ከፍታ መለኪያ ገጠምን። መለኪያው ድልድዩ ራስ ላይ ባለው የመብራት ምሰሶ በኩል ለኮረብታው አንቴና ይናገራል፤ ከዚያ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል፤ ከዚያ ተመልሶ ወንዙ ዳር ያለው ሳይረን ይጮኻል። ምሰሶው ላይ ያለው አንቴና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ነው፤ ትንሽ ዘወር ካለ ኮረብታውን ይስታል። መስታወቷ ብልጭ ብላልን ነበርና እርግጠኞች ነበርን።

ሳይረኑን የሰቀልነው ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ነው። አስካለ በግ እያደለበች ለበዓል የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማይታሰር ሴት ናት። አሁን ወዳጅ ስለሆንን አንቺ ነው የምንባባለው። ያን ጊዜ ግን በጥርጣሬ ነበር የምታየን። ከእኛ በፊት ዝናብ በጣለ ቁጥር ጆንያ ተከናንባ ወንዙ ዳር ቆማ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ውሃው ቀለሙ ሲለወጥ ትጮኻለች፤ ጎረቤቱ ይወጣል። ሳይረኑን ከሰቀልን በኋላ ጋሽ ዘርጋው ከእንግዲህ እረፊ አሏት። እሷም አመነቻቸው፤ የሰፈሯ ሰው ናቸውና።

በቀጣዩ ክረምት ድልድዩ ራስ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አረፉ። የእድሩ ድንኳን እንደ ወትሮው ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ተተከለ። ጋሽ ዘርጋው የእድሩ አባል ናቸው፤ ሟቹም አብሮ አደጋቸው ነበሩ። ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከላይ በኩል ከባድ ዝናብ ጣለ። ወንዙ ሞላ። ሳይረኑ አልጮኸም።

እኔ ያን ሰዓት መቆጣጠሪያ ክፍል ነበርኩ። የድልድዩ መለኪያ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ማናችንም አልደነገጥንም። በኛ ከተማ አንድ ዕቃ ዝም ሲል መብራት ጠፍቶ ይሆናል ይባላል፤ ሲመጣ ይመጣል ተብሎ ይታለፋል። ንድፋችንም ያንኑ አመል ወርሶ ነበር፤ ውሃ ሲመጣ እንዲጮኽ እንጂ ዝም ሲል እንዲያሳስበን አላደረግነውም። ዝምታውን እንደ ደኅንነት ቆጠርነው። አስካለ ቤቷ ውስጥ አረፍ ብላ ነበር። ግድግዳው ወደቀባት። ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት ሰዎች ጩኸት ሰምተው ወርደው ከጭቃው አወጧት። እግሯ ተሰብሯል፤ በጎቿን ውሃ ወስዷቸዋል። ሰው አልሞተም። ይህን ዓረፍተ ነገር ያን ሰሞን ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደጋገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግሥቱ ምሰሶው ሥር ተሰበሰብን። አንቴናው ኮረብታውን ትቶ የአንድ ቤት አጥር ላይ አፍጥጧል። የድንኳኑ ገመድ አንቴናውን የያዘው የብረት ክንድ ላይ ታስሮ ነበር፤ ሸራው የቀደሙትን ቀናት ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ክንዱን ጎትቶ አዞረው። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ገመዱ ግን በጣም ከመጥበቁ የተነሣ መፍታት ስላቃታቸው ቆርጠው ቁራጩን ትተውታል። ቋጠሮውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለቴ ዞሮ፣ በራሱ ሥር አልፎ፣ በአውራ ጣት ጫን የተደረገ ነው። ምንተስኖት ንፋስ ይሆናል ይላል፤ ሌላው የእድሩን ወጣቶች ይወቅሳል። ጋሽ ዘርጋው ቁራጩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አልማዝ፣ ይቺን ቋጠሮ ታውቂያታለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ለሁሉም ተናገሩ። እሳቸው ራሳቸው ነበሩ ያሰሩት። አብሮ አደጋቸው ሞቶ፣ ሰው ድንኳን ሲተክል፣ እሳቸውም ጃኬታቸውን አውልቀው ገመዱን ተቀብለው ወንበር ላይ ወጡ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገመድ የሚታሰርበት ምሰሶ ነውና አሰሩ። አንቴናው ዓይናቸው ሥር ነበር። አላዩትም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ጎረቤት ነው እንጂ ባለሙያ አይደለም። የሰፈሩን ዛፍና ፎቅ ሁሉ ያሰብን ሰዎች፣ ሁላችንም እድርተኛ ሆነን፣ ድንኳን የት እንደሚታሰር አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

ምንተስኖት ምሰሶው ላይ ገመድ ማሰር ክልክል ነው የሚል ታፔላ እንለጥፍ አለ። ጋሽ ዘርጋው ሐዘን የወደቀበት ሰው ታፔላ አያነብም አሉት። እንዲያውም ሥራውን ሊለቁ ነበር፤ ከእንግዲህ እኔን ማን ያምነኛል ብለው ቤት ዋሉ። ሄጄ ተቆጣኋቸው። አስተማሪዬን የተቆጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መረቡን ማስተካከል እንችላለን፤ አስካለ ግን ሳይረኑን ከደጄ ንቀሉልኝ ብላለች፤ እሷ ካላመነች ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ አያምንም፤ ሳይረኑም ቢጮኽ የሚነሣ የለም። እንሂድ አልኳቸው። ጃኬታቸውን አነሡ።

አስካለ እህቷ ቤት እግሯ በጀሶ ታስሮ ተኝታ ነበር። ሰላምታችንን ሳታስጨርሰን ተቀበለችን።

«እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ወንዙን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መጥታችሁ አስተኛችሁኝ» አለች።

ጋሽ ዘርጋው አልጋው አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ ገመዱን ያሰሩት ራሳቸው መሆናቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። ምክንያት አልደረደሩም። አስካለ የማን ድንኳን እንደነበር ታውቃለች፤ ለሟቹ እሷም አልቅሳለች። እዚያ ምሰሶ ላይ ሳይታሰር ታዲያ የት ሊታሰር ነበር ብላ ጠየቀች፤ እሷም ብትሆን እዚያው ነበር የምታስረው። ትልቅ ድንጋይ ከላዬ ላይ የተነሣ መሰለኝ። ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ከዚያ ግን አስካለ የራሷን ነገር ጠየቀች። ዕቃችሁ መተኛቱ አይቀርም አለች፤ ሰውም ይተኛል።

«ሲተኛ ብቻ ንገሩኝ። እሱ ሲተኛ እኔ እነቃለሁ።»

ቤቴ ስመለስ ራት አልበላሁም፤ ንድፉን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የጠየቀችን ቀላል ነገር ነው፤ እኛ ግን ረስተነው ነበር። መለኪያው ውሃ ባይኖርም በየጊዜው አለሁ እያለ እንዲናገር አደረግነው። አለሁ ማለቱን ሲያቆም መቆጣጠሪያ ክፍሉ እንደ ጎርፍ ይቆጥረዋል፤ ሰው ይላካል። አስካለ በር ላይ ደግሞ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ሰቀልን፤ መለኪያው አለሁ እስካለ ድረስ ትበራለች፣ ከጠፋ ትጠፋለች፣ በራሷ ባትሪ ነው የምትሠራው። የድልድዩ ምሰሶም ከኮረብታው መስመር በተጨማሪ ከሳይረኑ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር አደረግነው። አንቴናውን ወንበር ላይ የቆመ ሰው እጅ ከማይደርስበት አወጣነው። ከታች ደግሞ፣ ደረት ትክክል፣ ምሰሶው ላይ ወፍራም የብረት ቀለበቶች በየድን፤ የድንኳን ገመድ የሚታሰርባቸው። ምንተስኖት ለድንኳን ማሰሪያ ወጪ የትኛው ደንብ ላይ አለ ብሎ ሲጨነቅ ከርሞ፣ የመብራት ምሰሶ ማጠናከሪያ ብሎ አሳለፈው። እድሩን ሰብስበን አሳየናቸው። የእድሩ ዳኛ ቀለበቱን ጎተት ጎተት አድርገው፣ ቀድሞውኑስ ከዚህ ሌላ ለምን ነበር ምሰሶ የሚተከለው አሉን።

ሳይረኑ ላይ ግን ተጨቃጨቅን። የመጀመሪያው ድምፅ አምቡላንስ ይመስላል፤ ስንሞክረው ሰዉ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ዞሮ መኪና ይፈልጋል። ሁለተኛው ጥሩምባ ይመስላል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማን ሞተ እያሉ ወጡ። አስካለ በምርኩዝ ቆማ ስትስቅብን ቆይታ፣ የገልባጭ መኪና ክላክስ አድርጉት፤ እሱን ሰምቶ የቆመ ሰው አላየሁም አለች። አደረግነው። ስንሞክረው ምንተስኖት ራሱ ዘልሎ ቦይ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሌላም ብዙ ሠራሁ። መብራቶች አስተሳሰርኩ፤ የውሃ ቆጣሪዎች አናገርኩ፤ የአስኮንና የሳንሱሲን ቁልቁለት በመስታወት ለካሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳይረኑ ሲጮኽ ሰው ወጣ፤ አንዳንዴም ያለ ጎርፍ ጮኾ ተሰደብን። ስድቡን ወደድኩት። አረንጓዴዋ መብራት ስትጠፋ አስካለ ደውላ ዕቃችሁ ተኝቷል ትለኛለች፤ ጆንያዋን ተከናንባ እንደቆመች ከድምፅዋ አውቃለሁ። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመኝ። ጋሽ ዘርጋው መስታወቷን ሰጡኝ። ባኞ ቤት ሰቅያት ባሌ ይላጭባታል፤ ለሥራዋ መልሻታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ጋሽ ዘርጋው ታመው ብዙ ሳይሰቃዩ አረፉ። ድንኳናቸው እዚያው ድልድዩ ራስ ተተከለ። ስደርስ በመጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን ያጣውን ቤት አልነበረም፤ ምሰሶውን ነው። ገመዶቹ ቀለበቶቹ ላይ ታስረዋል። አንቴናው ከላይ ኮረብታውን ያያል። ገብቼ ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንባ እምቢ አለኝ፤ እንደ ደረቅ ቧንቧ ሆንኩ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከፊሉ ካርታ ይጫወታል፣ ከፊሉ ስለ ጋሽ ዘርጋው ያወራል። እኛ ጋ ገና አላካፋም። ድንገት ክላክሱ ከታች አምባረቀ። መጀመሪያ የተነሣችው አስካለ ናት፤ ያ እግሯ እስከ ዛሬ ትንሽ ያነክሳል፣ ግን ማንም አልቀደማትም። ካርታው መሬት ላይ ተበተነ። ወንዶቹም ሴቶቹም ወጡ። ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። እኔ እትዬ ብርቄን ትቼ እንዴት ልሂድ ብዬ ስንቆራጠጥ፣ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ ብለው ገፋ አደረጉኝ።

ውሃው ሲደርስ፣ ዝናቡም እኛ ጋ ሲጀምር፣ ቤቶቹ ውስጥ ሰው አልነበረም። አሮጊቶቹ በጀርባ ወጥተዋል፤ በጎቹ ድልድዩ ላይ ቆመው ይጮኻሉ፤ ፍራሹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ድስቱ አስፋልት ዳር ተደርድሯል። አስካለ ከጎኔ ቆማ ወንዙን ታያለች። በሯ ላይ አረንጓዴዋ መብራት እንደበራች ነበረች።

በሥራ ዘመኔ መድረክ ላይ ወጥቼ አውቃለሁ፤ ተጨብጭቦልኝም ያውቃል። እንደዚያ ቀን ግን ሥራዬ አላኮራኝም። የአስተማሪዬ ድንኳን ባዶውን ቆሞ፣ ሸራው ዝናብ እየጠጣ፣ ገመዱን ወጥሮ ይጎትታል፤ ቀለበቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

በስብሰን፣ ጭቃ ተቀብተን ተመለስን። እትዬ ብርቄ በባዶ ወንበሮች መካከል ብቻቸውን ተቀምጠው ይጠብቁናል።

«ሁሉም ወጡ?» አሉኝ።

ሁሉም ወጥተዋል አልኳቸው።

«እንግዲያው ነይ ቁጭ በዪ» አሉኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።